የሞተር ሳይክል ካቴና ልክና የኋላ ጎማ አቀማመጥ፦ እቤት እንዴት ይሠራል

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞተሬ ካቴና (የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት) ኮረኮንች ላይ ሽፋኑን እየመታ ሲያስቸግረኝ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ፐርኖውን (የኋላው ጎማ የሚዞርበትን ዘንግ) አላላ፣ መወጠሪያዎቹን ከግራም ከቀኝም አጠበቀ፣ ካቴናውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «አሁን እንደ ክራር ነው» ብሎ አስረከበኝ። እውነቱን ነው፣ እንደ ክራር ነበር። ድምፁ ስለጠፋ እኔም መርቄው ሄድኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከፊተኛው ትንሽ ጥርስ (ካቴናው ከሚጠመጠምበት ባለጥርስ ክብ ብረት) ሥር ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ሲከፈት የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ተቀዷል። ለካቴና ብዬ የሄድኩት ሰውዬ ሞተር ሳስወርድ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ካቴናዬን ራሴ ነኝ የምሠራው። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፣ ከለመዳችሁት ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚህ በታች ያለው ቦክሰርን በመሳሰሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባሉ፣ የኋላ ፍሬናቸው ታምቡሮ (የፍሬን ሸራዎች ከውስጥ የሚይዙት ክብ ከበሮ) በሆነ ሞተሮች ላይ የተመሠረተ ነው። ሌሎቹ የሚለዩበትን ቦታ እግረ መንገዴን እጠቅሳለሁ።

የጠበቀ ካቴና ለምን ይብሳል

የላላ ካቴና ይጮሃል፣ ያንገጫግጫል፣ በጣም ከላላ ይወልቃል። የጠበቀ ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላው። የኋላውን ጎማ ከሁለት በኩል አቅፎ የያዘው ሹካ ወደላይና ወደታች ሲንቀሳቀስ በፊተኛው ጥርስና በኋላው ፐርኖ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ርቀቱ ትልቁ ላይ የሚደርሰው የፊተኛው ጥርስ መሐል፣ የሹካው ማጠፊያና የኋላው ፐርኖ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ይህ ደግሞ የሚሆነው ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሳይሆን እናንተ፣ ከኋላችሁ አንድ ሰው፣ ምናልባትም አንድ ጆንያ ጤፍ ሲጫን ነው። ባዶውን «ልኩ ነው» የተባለ ካቴና በጭነት ጉድጓድ ሲገባ የሚሄድበት ስለሚያጣ የፊተኛውን ኩሽኔታ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ይጎትታል። የኔም ካምቢዮ የሞተው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በልክና ትንሽ ላላ በማለት መካከል ከተጠራጠራችሁ ትንሽ ላላ ያለውን ምረጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለፐርኖው ዳዶዎች የሚሆን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ 17፣ 19 ወይም 24 ነው)፣ ለመወጠሪያዎቹ 10፣ 12 ወይም 13፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አምስት ሜትር ያህል ቀጭን ሲባጎ፣ ጨርቅ፣ ትንሽ ላምባና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ከዚህ ሌላ ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ ፈልጉ። ጥቅሙን በኋላ ታዩታላችሁ።

ሞተሩ ባለሁለት እግር ማቆሚያ ካለው በእሱ ይቁም፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ በነጻ ይዙር። ከሌለው ከሞተሩ ሥር ድንጋይና ጣውላ ደርድሮ ማንሳት ይቻላል፣ ግን ወደ ጎን እንዳይወድቅ አንድ ሰው ይያዝላችሁ።

አንድ ነገር አስምሩበት፦ ቁልፉን አጥፍታችሁ ከማብሪያው አውጡት፣ ኪሳችሁ ክተቱት። ሞተሩን አስነስቶ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ካቴናው እየዞረ በጨርቅ የሚወለውል ሰው በየሰፈሩ አለ። ጨርቁን ጥርሱ ሲይዘው ጣት ተከትሎ ይገባል፣ እጅን ለመሳብ ጊዜ የለም። በእጅ እያዞራችሁም ቢሆን ጣታችሁን ካቴናው ከጥርሱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ አርቁ።

መጀመሪያ መለካት

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ካቴናውን በላምባ በነከራችሁት ብሩሽ አጽዱ። ቤንዚን አትጠቀሙ። ለእሳት አደጋ ከመሆኑም በላይ፣ በመገናኛዎቹ መካከል የጎማ ቀለበት ያለበት ዓይነት ከሆነ ቀለበቶቹን ያደርቃቸዋል። ጭቃ የያዘ ካቴና የጠበቀ መስሎ ስለሚታይ ሳያጸዱ መለካት ራስን ማታለል ነው።

ማርሹን ዜሮ አድርጉና የታችኛውን የካቴና መስመር ተመልከቱ። በሁለቱ ጥርሶች መካከል እኩል ቦታ ላይ ማስመሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ካቴናውን በአንድ ጣት ወደ ላይ ግፉና የአንዷን ፒን መሐል አንብቡ፣ ወደ ታች ስባችሁ ያችኑ ፒን እንደገና አንብቡ። ለምሳሌ ላይ 61፣ ታች 33 ካነበባችሁ ልልነቱ 28 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ጎማውን ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙት። ከዚያ እንደገና። አራቱም ቦታ አንድ ቁጥር ካገኛችሁ ካቴናችሁ ገና አዲስ ነው። ያገለገለ ካቴና አንድ ቦታ 35፣ ሌላ ቦታ 22 ሊሰጥ ይችላል፣ ምክንያቱም ካቴናው ሁሉም ቦታ እኩል አይለጠጥም፣ ጥርሱም ፍጹም ክብ አይደለም። ሁልጊዜ የምታስተካክሉት በጣም የጠበቀበት ቦታ ላይ ነው። ቦታውን በኖራ ወይም በማርከር ምልክት አድርጉበት። ብዙ መካኒክ ይህን ይዘለዋል። የላላው ቦታ ላይ ያስተካክልና የጠበቀው ቦታ ሲመጣ ካቴናው እንደ ብረት ዘንግ ይገተራል።

ስንት ይሁን? የሞተራችሁ መመሪያ ወይም ሹካው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለው ይበልጣል። ወረቀቱ ተልጦ ከጠፋ፣ ለከተማና ለአስፋልት የተሠሩ ትንንሽ ሞተሮች በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ። አሞርዛቶራቸው (ንዝረት የሚያበርደው ሞላ) ረጅም የሆነ፣ ለገጠር መንገድ የተሠሩ ሞተሮች ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ። በቦክሰር ልክ የተስተካከለ የገጠር ሞተር ካቴና ጠብቋል ማለት ነው፣ ይህንንም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ሰው ስለምጭን ቦክሰሬን 28 ወይም 30 ላይ ነው የምተወው። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዳችሁ ሁለት ሰው ይቀመጥበት፣ ያኔም ካቴናው በጣት ሲነካ መንቀሳቀስ አለበት።

መፍታት

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የፐርኖው ዳዶ የሽቦ ፒን ካለው ፒኑን በፒንሳ አቅንታችሁ አውጡ። ከዚያ ዳዶውን አላሉት፣ ፈጽማችሁ አትፍቱት። ቦክሰርንና ሌሎች የሕንድ ሞተሮችን የያዛችሁ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ በብዙዎቹ ላይ በካቴናው በኩል ከፐርኖው ዳዶ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ሰፋ ያለ ዳዶ አለ፣ ጥርሱን የተሸከመውን ክፍል ከሹካው ጋር የሚያስር። እሱ ካልላላ በካቴናው በኩል ያለው ወገን አይንቀሳቀስም፣ በፍሬኑ በኩል ያለው ብቻ ይሄዳል። ጎማው የሚጣመመው አንዱ እዚህ ነው።

ቀጥሎ የኋላ ፍሬኑን ታምቡሮ ሳህን ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ቡሎን ትንሽ አላሉ። የፍሬኑን መጎተቻ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለውን ማስተካከያ ዳዶም ሁለት ሦስት ዙር መልሱ። ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ፍሬኑ አብሮ ስለሚሳብ፣ ይህን ካልሠራችሁ ሸራው ታምቡሮውን ይዞ ጎማው አልዞር ይላል፣ እናንተ ግን ካቴናው የጠበቀ ይመስላችኋል።

መወጠር

በግራና በቀኝ የሹካው ጫፍ ላይ መወጠሪያ አለ። በአብዛኞቹ ፐርኖውን አንቆ የያዘ፣ ከኋላ ዳዶ ያለው ቡሎን ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ፐርኖው ወደ ኋላ ይመጣና ካቴናው ይወጠራል። ሁለት ዳዶ ከተደረበ የውጪው ኮንትሮ ዳዶ (የውስጡ እንዳይላላ የሚቆልፍ) ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ፍቱ። ዲቲን በመሳሰሉ ያማሃዎች ላይ ደግሞ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ታገኛላችሁ፣ እሱን ሁለቱንም ጎን እኩል ጥርስ ማዞር ነው።

የቡሎኑን ዳዶ በስንት ታዞራላችሁ? ከምታስቡት ያነሰ። ስምንት ሚሊሜትር የሚወፍር የተለመደ ቡሎን በአንድ ሙሉ ዙር ፐርኖውን 1.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚስበው። ያ ግን ብዙ ነው። ልልነቱ 45 ሚሊሜትር የነበረ ካቴና በግማሽ ዙር ብቻ ወደ 27 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። እኔ ስጀምር ሦስት ሙሉ ዙር አጠብቄ ጎማው አልዞር ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ዳዶው ካሉት ስድስት ጎኖች በአንዱ ጎን ልክ፣ ማለትም በአንድ ስድስተኛ ዙር (1/6)፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ እኩል እየቆጠራችሁ ሂዱ። በየመሃሉ ለኩ። ካቴናው ጠብቆ መላላት ቢያስፈልግ መወጠሪያውን ከፈታችሁ በኋላ ጎማውን ከኋላ በእጅ መዳፍ ወደ ፊት ምቱት፣ አለዚያ ፐርኖው ባለበት ይቀራል።

ጎማው ቀጥ ማለቱን ማረጋገጥ

ሹካው ላይ በግራም በቀኝም የተቀረጹ መስመሮች አሉ። ሁሉም ሰው «ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አላምናቸውም። በርካሽ ሞተር ላይ የተቀረጹት መስመሮች በግራና በቀኝ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። የመወጠሪያው ሳህን ጠርዝ ደግሞ ስለታጠፈ ወይም ስለዛገ አንዱን መስመር በአንድ ሚሊሜትር ማሳሳት ይችላል። በኔ ሞተር ላይ ሁለቱም በኩል አራተኛው መስመር ላይ ሆነው ፐርኖው በሁለት ሚሊሜትር ዘሞ አግኝቼዋለሁ። መስመሮቹን ለመነሻ ተጠቀሙባቸው፣ ለፍርድ አይሆኑም።

ለፍርድ የሚሆነው የጃንጥላው ሽቦ ነው። ሹካው ከፊት የሚታጠፍበት ትልቅ ቡሎን አለ። የሽቦውን አንድ ጫፍ የዚያ ቡሎን መሐል ላይ አድርጉ፣ በሌላው ጫፍ በኩል የፐርኖው መሐል የሚደርስበትን ቦታ በላስቲክ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ሽቦውን ወደ ሌላኛው ጎን ውሰዱት። የላስቲኩ ምልክት የፐርኖው መሐል ላይ ካረፈ ጎማው ቀጥ ብሏል። ካላረፈ ያነሰውን ጎን በትንሹ ሳቡ። አንድ ቦታ ሰው ይሳሳታል፦ በአንዱ በኩል የቡሎን ራስ፣ በሌላው በኩል ዳዶ ስላለ ከጠርዝ ሳይሆን ከመሐል ነው የሚለካው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ በኩል ከከለከላችሁ ሽቦውን ከላይ አሳልፉትና ሁለቱንም ጎን በተመሳሳይ መንገድ ለኩ።

ሁለተኛው ፈተና ዓይን ነው። ከሞተሩ ኋላ ተንበርከኩና አንድ ዓይን ጨፍናችሁ የላይኛውን የካቴና መስመር ተከትላችሁ ወደ ፊት እዩ። ካቴናው ከኋላው ጥርስ ሲወጣ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተሰበረ መስሎ ከታያችሁ ገና ነው። የኋላውን ጥርስ ጎንም ተመልከቱ። ውስጠኛው ወይም ውጪኛው ጎኑ ብቻ ተፍቆ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ካቴናው ለብዙ ጊዜ ተጣሞ እየሄደ ነበር።

ሦስተኛው የሲባጎው ነው፣ ይህኛው ረዳት ሰው ይፈልጋል። ሲባጎውን በኋላው ጎማ ጀርባ አዙሩና ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ወደ ፊተኛው ጎማ አምጡ። ከመሬት ከፍ ይበል፣ ማቆሚያውንና ማርሚታውን ግን አይንካ። ሲባጎው በሁለቱም በኩል የኋላውን ጎማ የኋላ ጠርዝና የፊት ጠርዝ ነክቶ ቀጥ እስኪል ድረስ ጫፎቹን ሳቡ። መሪውን ቀጥ አድርጉ። የፊተኛው ጎማ ከኋላው ስለሚቀጥን ሲባጎው አይነካውም፣ በግራና በቀኝ እኩል ክፍተት መተው አለበት። የጎማው ስፋት ፊቱ 2.75፣ ኋላው 3.00 ኢንች የሆነ ሞተር ከሆነ ክፍተቱ በየጎኑ ሦስት ሚሊሜትር አካባቢ ነው።

ሽቦው እኩል ነው እያለ ሲባጎው አይደለም ካለስ? ያኔ ጥፋቱ የመወጠሪያው አይደለም። ወይ ጎማው ራጅ (ቀጫጭን የጎማ ሽቦ) ሲቀየርለት ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ክብ ብረት) ከመሐል ወጥቷል፣ ወይ ሞተሩ ወድቆ ቴላዮው (የሞተሩ አጽም) ወይም ሹካው ታጥፏል፣ ወይም የሹካው ማጠፊያ ቡሽ (ማጠፊያው የሚዞርበት ቀለበት) አልቆ ይላወሳል። ጎማውን በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዙት። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ቡሹ ወይም ኩሽኔታው ነው፣ ካቴና በማስተካከል አይድንም። ያጋደለውን ቸርኬ ለማካካስ ብሎ ፐርኖውን አጣሞ ማሰር ደግሞ ካቴናውን መግደል ነው።

ማጥበቅ

አሁን የተለፋበት ሁሉ የሚበላሽበት ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም የፐርኖው ዳዶ ሲጠብቅ ፐርኖውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የታጠፈ ወፍራም ጨርቅ በታችኛው መስመር፣ ካቴናው ወደ ኋላው ጥርስ በሚገባበት ቦታ ላይ አስገቡና እጃችሁን አውጡ። ከዚያ ጎማውን ከውጪ ላስቲኩ ላይ ይዛችሁ ወደ ፊት አዙሩት። ጨርቁ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ተጨምቆ ጎማውን ያቆመዋል፣ ፐርኖውንም ወደ ፊት ስቦ በመወጠሪያዎቹ ላይ አጥብቆ ያሳርፈዋል። በዚህ ሁኔታ እያለ የኋላውን ፍሬን ረግጣችሁ፣ ወይም ሌላ ሰው አስረግጣችሁ፣ የፐርኖውን ዳዶ አጥብቁ። ፍሬኑ የሚረገጠው ሸራዎቹ በታምቡሮው ውስጥ መሐላቸውን እንዲይዙ ነው። ከዚያ በካቴናው በኩል ያለውን ሰፊ ዳዶ፣ የፍሬኑን ዘንግ ቡሎን፣ መጨረሻ ላይ ኮንትሮ ዳዶዎቹን። ኮንትሮ ዳዶውን ስታጠብቁ የውስጡን ዳዶ በሌላ ቁልፍ ያዙት፣ አለዚያ አብሮ ይዞራል።

የጥንካሬ መለኪያ ቁልፍ ካላችሁ መመሪያው የሚለውን ቁጥር ተጠቀሙ። ከሌላችሁ በተለመደው ርዝመት ቁልፍ በአንድ ሰው ሙሉ ክንድ ጉልበት ይበቃል። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ በእግር መርገጥ ዳዶው የሚጠመዘዝበትን የፐርኖውን ጥርስ ይቆርጣል። የሽቦ ፒኑን በአዲስ ተኩ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ፒን ሦስተኛው ላይ ይሰበራል።

ጨርቁን ጎማውን ወደ ኋላ በማዞር አውጡና እንደገና ለኩ። ከተለወጠ ደግማችሁ ፍቱ። ሰነፍ አትሁኑ፣ እኔም ስንት ጊዜ «ይሁን» ብዬ ተጸጽቻለሁ።

ፍሬኑና መጋጠሚያው

መጎተቻው ዘንግ ላይ ያለውን ዳዶ አጥብቃችሁ ፔዳሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ያህል በነጻ ወርዶ ፍሬኑ እንዲይዝ አድርጉ። ጎማውን አዙሩ፣ ሸራው ሳይጎትት መዞር አለበት። ቁልፉን አብሩና የኋላው የፍሬን መብራት በጊዜው መብራቱን እዩ።

ካቴናው በክሊፕ የተጋጠመ ከሆነ ክሊፑን ተመልከቱ። የተዘጋው ጭንቅላቱ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍት ጭራው ወደ ኋላ ነው የሚሆነው። ላይኛው መስመር ላይ ሲሆን ጭንቅላቱ ወደ ፊት ያያል። ተገልብጦ ከተገባ አንድ ድንጋይ ወይም ሽፋኑ ጭራውን ይዞ ይመነግለዋል። ያኔ ካቴናው ሲበጠስ የሞተሩን ቆብ ሊሰብር ወይም የኋላውን ጎማ ቆልፎ ሊጥላችሁ ይችላል።

ቅባቱን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ቁጥር 90 የካምቢዮ ዘይት ጥሩ ነው። በታችኛው መስመር በውስጥ በኩል በሳህኖቹ መገናኛ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ፣ ከዚያ ከውጪ የተረፈውን ጥረጉ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የሚቀባ ብዙ ነው፣ ነጻ ስለሆነ። ከብረት ብናኝ ጋር ነው የሚመጣው። ግራሶም አይሆንም፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ውጪ ላይ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል፣ በጋ ላይ ደግሞ ወደ አሸዋ ወረቀትነት ይለወጣል። ክረምት ላይ ዝናብ ውስጥ የዋለ ካቴና የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ሞቅ እንዳለ ይቀባ።

ካቴናው አልቆ እንደሆነ

የካቴናውን ጀርባ ከኋላው ጥርስ ላይ በጣታችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። የጥርሱ ግማሽ ቁመት ከታየ አልቋል። በቁጥር ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ በትንንሽ ሞተሮች የተለመደው 428 ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 20 መገናኛ ሲወጠር አዲሱ 254 ሚሊሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ ለውጡት። ከተለወጠ ደግሞ ሦስቱም አብረው፣ ካቴናው፣ የፊቱና የኋላው ጥርስ። የጥርሱ ጫፍ እንደ ማጭድ ጎብጦ እያለ አዲስ ካቴና ማድረግ አዲስ ጫማ አድርጎ እሾህ ላይ መሄድ ነው።

ከሠራችሁ በኋላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ዳዶዎቹንና ልልነቱን እንደገና እዩ፣ ከዚያ በየ500 ኪሎ ሜትሩ። እኔ መቀመጫው ሥር ያለው ክዳን ላይ በማርከር ያስተካከልኩበትን ኪሎ ሜትር እጽፋለሁ። ያለፈው ካቴናዬ መጀመሪያ በ1,400፣ ቀጥሎ በ1,100፣ ከዚያ በ600፣ በመጨረሻም በ250 ኪሎ ሜትር ልዩነት ነበር ማስተካከያ የጠየቀኝ። ቁጥሮቹ እንዲህ መቀራረብ ሲጀምሩ ቁልፉን አስቀምጬ ለአዲስ ካቴና ገንዘብ ማጠራቀም እጀምራለሁ።